ግሪን ካርድ ይዞ መቆየት ወይስ ዜጋ ሆኖ ቢጫ ካርድ ማውጣት?

አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ ግሪን ካርዱ አምስት ዓመት ሲሞላው «ዜግነት ወሰድክ ወይ?» የሚለው ጥያቄ አይለቀውም። ለቅሶ ቤት ይነሳል፣ ማኅበር ላይ ይነሳል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ላይም ይነሳል። መልሱ ብዙ ጊዜ ከስሜት ይመጣል። አንዱ «የአገሬን ፓስፖርት አልሰጥም» ይላል፤ ሌላው «ሰማያዊውን ካልያዝክ ምኑን አሜሪካ ገባህ» ይለዋል። ስሜቱን ለየባለቤቱ ትቼ እዚህ የማወዳድረው ወረቀቱን ነው። በአንድ በኩል የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ አለ፤ በሌላ በኩል የአሜሪካ ፓስፖርትና የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለው። ለአንዳንድ ሰው ሦስተኛ መንገድም አለ፤ እሱን ስለ ወላጆች ሳነሳ እመጣበታለሁ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ብዙ ሰው ግሪን ካርድ ላይ የሚቆየው ከአገሩ ላለመራቅ ብሎ ነው። በተግባር ግን አገር ቤት ረዘም አድርጎ እንዳይቀመጥ የሚከለክለው ራሱ ግሪን ካርዱ ነው። አዲስ አበባ ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቼ፣ እናቴን አስታምሜ፣ ቤት ሠርቼ ልመለስ የሚል ሰው ይህን የሚችለው ዜጋ ከሆነ በኋላ ነው።

አገር ቤት ስንት ጊዜ መቀመጥ ይቻላል?

ግሪን ካርድ የተሰጠው አሜሪካ ለመኖር ነው። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ውጭ የቆየ ሰው ካርዱን ብቻ አሳይቶ መመለስ አይችልም። እንደሚቆይ ካወቀ ከመሄዱ በፊት ሪኢንትሪ ፐርሚት ማመልከት አለበት። ፎርሙ አይ-131 ይባላል፤ ሲያስገቡ አሜሪካ ውስጥ መገኘት ግድ ነው፤ ክፍያው 630 ዶላር ነው፤ ፈቃዱም ቢበዛ ሁለት ዓመት ያገለግላል።

«በየስድስት ወሩ ብቅ ካልኩ ማንም አይነካኝም» የሚለው ወሬ ብዙ ሰው አታሏል። ስድስት ወር የግሪን ካርድ ዋስትና አይደለም። የኢሚግሬሽን መኮንኑ የሚያየው ሰውየው በእርግጥ የት ነው የሚኖረው የሚለውን ነው። ቤት አለው? ሥራ አለው? ታክስ ሞልቷል? ወይስ በዓመት ሁለት ሳምንት ለካርዱ ሲል ብቻ ነው የሚመጣው? ስድስት ወር ትርጉም የሚኖረው በዜግነት ማመልከቻው ላይ ነው። ከስድስት ወር በላይ የቆየ ጉዞ የአምስት ዓመቱን ቆጠራ እንዳቋረጠ ይገመታል፣ አለማቋረጡን የማስረዳት ሸክሙም በአመልካቹ ላይ ይወድቃል። አንድ ዓመት ከሞላ ቆጠራው ተቋርጧል። ከዚህ ሌላ ከአምስቱ ዓመት ውስጥ ቢያንስ 30 ወር በአካል አሜሪካ ውስጥ መገኘት ያስፈልጋል። የአሜሪካ ዜጋ አግብቶ አብሮ የሚኖር ሰው በሦስት ዓመት ማመልከት ይችላል፤ ለእሱ የሚጠየቀው 18 ወር ነው። ሁለቱም ጊዜው ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ማስገባት ይችላሉ።

ዓመቱ የሚቆጠረው ካርዱ ላይ «ነዋሪ የሆነበት ቀን» ተብሎ ከተጻፈው ዕለት ነው። አሳይለም (ጥገኝነት) አግኝቶ ግሪን ካርድ ያወጣ ሰው ካርዱ ከጸደቀበት አንድ ዓመት ወደ ኋላ ተቆጥሮለት ይጻፍለታል። በስደተኛ ፕሮግራም የመጣ ደግሞ አሜሪካ ከገባበት ቀን ጀምሮ ይቆጠርለታል። ይህን ባለማየት ዝም ብሎ አንድ ዓመት የሚጠብቅ ሰው አለ።

ዜጋ የሆነ ሰው ይህ ሁሉ ሒሳብ ይቀርለታል። አሥር ዓመት ባሕር ዳር ቢቀመጥ ፓስፖርቱን ይዞ ይመለሳል። ግብሩ ብቻ አይቀርለትም፤ እሱ ግን ለግሪን ካርድ ባለቤትም ያው ነው። አሜሪካ ሁለቱንም በዓለም ዙሪያ ባገኙት ገቢ ትጠይቃለች፤ ውጭ አገር ባንኮች ውስጥ ያላቸው ገንዘብ በጠቅላላው በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈም ማሳወቅ አለባቸው። ስለዚህ «ለታክስ ብዬ ነው ዜግነት ያልወሰድኩት» የሚለው ምክንያት አያስኬድም።

ቢጫ ካርዱ የሚሰጠውና የማይሰጠው

ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። በ1996 ዓ.ም የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 አንቀጽ 20 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። ማመልከቻ ማስገባት፣ ፓስፖርት መመለስ አይጠብቅም፤ የአዲሱ ዜግነት ቃለ መሐላ በተፈጸመበት ቀን ነገሩ አልቋል። «ሁለቱንም እይዛለሁ፣ ቦሌ ላይ የኢትዮጵያውን አሳያለሁ» የሚሉ ሰዎች አሉ። ያ ፓስፖርት የሌለ ዜግነት ማሳያ ነው፤ በእሱ ውክልና ሰጥቶ ወይም ቤት ገዝቶ በኋላ ክርክር ሲነሳ ችግሩ ምን ያህል ሊገፋ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ጥምር ዜግነት ሊፈቀድ ነው የሚለው ወሬ ስንት ዓመት ሲነሳ ሲወድቅ ኖሯል፤ በወሬ ዕቅድ አይወጣም።

በዜግነቱ ፈንታ የሚመጣው ቢጫ ካርድ በ1994 ዓ.ም በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የተመሠረተ ነው። ለካርዱ ባለቤት የሚከፍትለት በር ሰው ከሚያስበው ይሰፋል። ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይኖራል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ተቀጥሮ ይሠራል፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያፈራል፣ በኢንቨስትመንትም እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ይታያል። ራሱ ኢትዮጵያዊ የነበረ ብቻ ሳይሆን ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረለት ሰውም ያገኘዋል። የኤርትራ ዜግነት የወሰዱትን አዋጁ አይጨምርም።

የማይሰጠው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መምረጥና መመረጥ አይቻልም። ሁለተኛ፣ በመከላከያ፣ በደኅንነት፣ በውጭ ጉዳይና በመሰል ፖለቲካዊ መሥሪያ ቤቶች በቋሚነት መቀጠር አይቻልም። ተመልሼ ፖለቲካ እገባለሁ፣ አምባሳደር እሆናለሁ የሚል ሰው እዚህ ላይ ቆም ይበል። ለሌላው፣ ማለትም ሱቅ ለሚከፍተው፣ ክሊኒክ ለሚያቋቁመው፣ አፓርታማ ለሚገዛው፣ ዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምረው፣ ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

አንድ የሚያሳስብ ነገር ግን አለ። ካርዱ በአዋጅና በመመሪያ የቆመ ነው፤ መመሪያ ደግሞ ይለዋወጣል። ባንክና ኢንሹራንስ ላይ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን በባንኮችና በኢንሹራንሶች የያዙትን አክሲዮን እንዲለቁ አዘዘ፤ ቢጫ ካርድ መያዝም አላዳናቸውም። እ.ኤ.አ. በ2019 ሕጉ ተሻሽሎ እንደገና ተፈቀደላቸው። በመካከል የሸጠ ሸጠ። ንብረቱ ሁሉ አገር ቤት ያለና ኑሮውንም እዚያው ያደረገ ሰው ይህን ከግምት ቢያስገባ አልፈርድበትም።

አሜሪካዊ ሆኖ ቢጫ ካርድ ሳያወጣ የሚቀመጥ ሰው ግን ከሁሉም የባሰ ቦታ ላይ ነው። በሕግ ፊት ተራ የውጭ ዜጋ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 390 ጀምሮ የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክላል፤ በቅን ልቦና ይዞ የተገኘም በስድስት ወር ውስጥ ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ ያዛል። ሰሞኑን የውጭ ዜጎችን የቤት ባለቤትነት የሚመለከቱ አዳዲስ ሕጎች መውጣታቸው እውነት ነው፤ ቢሆንም የአባቱን ቤት የወረሰ ሰው በቢጫ ካርድ የሚያልቅ ነገር ለምን ወደዚያ ይወስዳል?

ቤተሰብ ማምጣት፦ ሰዓት የሚታይበት ቦታ

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ነው። የግሪን ካርድ ባለቤት ሊያመለክት የሚችለው ለትዳር ጓደኛውና ላላገቡ ልጆቹ ብቻ ነው። ዜጋ፣ 21 ዓመት ከሞላው፣ ለእናትና ለአባቱ፣ ላገቡ ልጆቹ፣ ለወንድምና ለእህቶቹም ያመለክታል። የዜጋ ባል ወይም ሚስት፣ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ያላገባ ልጅና ወላጅ የኮታ ወረፋ የለባቸውም። የወንድምና የእህት ወረፋ ከአሥር ዓመት በላይ ስለሚወስድ ያ ተስፋ ያለው ሰው ቶሎ ማስገባቱ ይሻለዋል። ኤምባሲ ላይ የሚሆነው የቪዛ አሰጣጥ ደግሞ እንደየአስተዳደሩ ይጠብቃል፣ ይላላል፤ ማመልከቻ ማስገባትና ቪዛ ማግኘት አንድ አይደሉም።

ሦስት ወጥመዶች በቅርብ መታየት አለባቸው።

ግሪን ካርድ ያለው አባት ላላገባ ልጁ አመልክቷል እንበል። አባት ዜጋ ሳይሆን ልጁ አዲስ አበባ ሠርግ ከደገሰ ማመልከቻው ይሞታል፤ ግሪን ካርድ ላገባ ልጅ ማመልከቻ አያስገባምና። ሠርጉ ከአባት ቃለ መሐላ በኋላ ቢሆን ኖሮ ፋይሉ ወደ ሌላ ምድብ ዞሮ ይቀጥል ነበር፤ ወረፋው ይረዝም እንደሆነ እንጂ አይጠፋም። ለወጣቶች «እስኪ ጠብቁ» ማለት ከባድ ቢሆንም ንገሯቸው።

ሁለተኛው ተገላቢጦሽ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ባል ለሚስቱ ሲያመለክት ልጆቹ በእሷ ፋይል ተጠቃለው ይሄዳሉ። ባል ዜጋ ሲሆን ሚስት ከወረፋ ትወጣለች፣ ልጆቹ ግን ከፋይሏ ይወድቃሉ። ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው አይ-130 (ቤተሰብ የሚጠራበት ፎርም) መግባት አለበት። ይህን ባለማወቅ እናት ቪዛ አግኝታ ልጆች የቀሩበት ቤት አለ።

ሦስተኛው አሜሪካ ውስጥ ስላለ ልጅ ነው። ከ18 ዓመት በታች ሆኖ፣ ግሪን ካርድ ኖሮት፣ በወላጁ ሕጋዊና አካላዊ ጥበቃ ሥር የሚኖር ልጅ ወላጁ ቃለ መሐላ በፈጸመበት ቀን ራሱም ዜጋ ይሆናል፤ ፈተና የለ፣ የዜግነት ማመልከቻ የለ። ልጁ 18 ከሞላው በኋላ ወላጁ ቢምል ግን ልጁ የራሱን መንገድ ይሄዳል። ቤት ውስጥ የ16 ዓመት ልጅ ያለው ሰው «ቆይ እስኪ» የሚልበት ጊዜ የለውም።

አሜሪካ ለተወለዱት ልጆች ወላጆቻቸው ኢትዮጵያዊ ሆነው ቢቆዩም ጥያቄው አይቀርም። የዜግነት አዋጁ 18 ዓመት ሲሞላቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትተው የኢትዮጵያውን እንደመረጡ ካላሳወቁ እንደተዉት ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ አብዛኞቹ መጨረሻቸው ቢጫ ካርድ ነው።

ፋይል ባይከፈት የሚሻለው ማን ነው?

የዜግነት ማመልከቻ፣ ኤን-400፣ ያለፈውን ሁሉ ይቆፍራል። ግሪን ካርዱ የተገኘበት መንገድ እንደገና ይታያል። ዲቪ ሲሞላ ሚስቱን ወይም ልጁን ያልጻፈ፣ «ለወረቀት» ያገባ፣ አሳይለም ላይ የተናገረው ከሌላ ሰነዱ ጋር የማይገጥም ሰው በዝምታ የኖረበትን ነገር በራሱ እጅ መኮንን ፊት ያቀርባል። ይህ ውጤት ዜግነት በመከልከል ላያቆም ይችላል፤ ግሪን ካርዱንም ሊያሳጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ያለበት ሰው ከጓደኛ ሳይሆን ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ይነጋገር፤ ፎርም የሚሞላ ሰው ጠበቃ አይደለም።

ከዚህ ቀለል ያሉ የሚመስሉ ግን የሚጥሉ ነገሮችም አሉ። መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ «መራጭ ሆነህ ትመዘገባለህ?» ሲባል ሳያስተውል አዎ ያለ ሰው ዜጋ ነኝ ብሎ በሐሰት ማለቱ ሊሆን ይችላል። ጠጥቶ በመንዳት ሁለት ጊዜ የተቀጣ የመልካም ጠባይ ጥያቄ ይነሳበታል። በሚኖርበት ግዛት ማሪዋና ቢፈቀድም በፌደራል ሕግ አልተፈቀደም፤ መጠቀሙም ሆነ ሱቁ ውስጥ ተቀጥሮ መሥራቱ ያስጠይቃል። ሚስቱ አዲስ አበባ እያለች ታክስ ላይ «ሲንግል» እያለ የሞላም ከማመልከቱ በፊት ማስተካከል ይኖርበታል።

በአሳይለም ለመጡት ግን ሚዛኑ ወደ ሌላ ያዘነብላል። ከመንግሥቱ ሸሸሁ ብሎ ጥገኝነት ያገኘ ሰው የዚያኑ መንግሥት ፓስፖርት አሳድሶ ቦሌ ቢወርድ፣ ግሪን ካርድ ይዞም ቢሆን፣ ለምን ተመለስክ የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። ለእሱ «የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ» የሚለው አማራጭ ከመጀመሪያውም በወጉ አልነበረም። አገሩን በሰላም የሚያየው ከዜግነት በኋላ ነው።

ወጪው፣ ፈተናው፣ ቅደም ተከተሉ

እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ኤን-400 በኦንላይን 710፣ በወረቀት 760 ዶላር ነው፤ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ በ380 የሚያልቅበት መንገድ አለ። ግሪን ካርድ በየአሥር ዓመቱ ማሳደስ 415 ወይም 465 ዶላር ያስወጣል። ካርዱ ሊያልቅበት የተቃረበ ሰው ኤን-400 ካስገባ የደረሰኙ ወረቀት ካርዱን በ24 ወር ስለሚያራዝምለት ሁለቱንም አይክፈል።

እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ያመለከተ ሰው የሚያጠናው 128 ጥያቄ ነው፤ 20 ይጠየቃል፣ 12 መመለስ አለበት። 50 ዓመት ሞልቶት 20 ዓመት፣ ወይም 55 ሞልቶት 15 ዓመት በግሪን ካርድ የኖረ ሰው ከእንግሊዝኛው ነፃ ነው፤ በአስተርጓሚ በአማርኛ ይፈተናል። 65 ሞልቶት 20 ዓመት የኖረ የሚያጠናው 20 ጥያቄ ብቻ ነው።

ሰው የሚደክመው ፈተናው ላይ ሳይሆን የጉዞ ዝርዝሩ ላይ ነው። ያለፉት አምስት ዓመታት መውጫና መግቢያ ቀን አንድ በአንድ ይጠየቃል። ቲኬቱ ጠፍቷል፣ ማኅተሙ አሮጌው ፓስፖርት ላይ ነው፣ አሮጌው ፓስፖርት ደግሞ ለእድሳት ተልኳል። ፓስፖርት ከመላካችሁ በፊት ማኅተም ያለበትን ገጽ ሁሉ በስልክ አንሱ። የድሮውን የኢትዮጵያ ፓስፖርት ኮፒም አትጣሉ፤ ቢጫ ካርድ ሲጠየቅ ትውልድን ለማስረዳት እንደ እሱ የሚቀል ማስረጃ የለም።

ስምና የልደት ቀንም እዚሁ ይመጣሉ። ብዙዎቻችን አሜሪካ ስንገባ የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኗል፣ የአባት ስም መካከል ገብቷል ወይም ጠፍቷል። ቀኑ ደግሞ ከእኛ አቆጣጠር ሲዞር አንዱ ሰባት፣ ሌላው ስምንት ዓመት ደምሮ ሁለት የተለያየ ልደት ያላቸው ሰነዶች ተፈጥረዋል። ዜግነት ሲወሰድ ስምን መቀየር ይፈቀዳል፤ ስፔሊንጉ እንዲያምር ተብሎ የተቀየረ ስም ግን ቢጫ ካርድ ላይ፣ ውርስ ላይ፣ ውክልና ላይ «ይህ ሰው ያ ሰው ነው» የሚል ተጨማሪ ወረቀት ያስፈልገዋል። ካላስቸገረ ባይነካ ይሻላል።

ቃለ መሐላው ላይ ግሪን ካርዱ ይወሰዳል። የአሜሪካ ፓስፖርት ለመጀመሪያ ጊዜ 165 ዶላር ነው፤ የዜግነት ወረቀቱ ዋናው አብሮ ይላካል። ፓስፖርቱ ካልመጣ ቢጫ ካርድ መጠየቅ አይቻልም። ስለዚህ ኅዳር ላይ የሚምል ሰው ለገና ቲኬት አይቁረጥ። የግድ መሄድ ካለበት ለዚያ ጉዞ በኢ-ቪዛ ገብቶ ካርዱን በኋላ ያውጣ።

ወላጆች

ልጆች ዜጋ ሆነው ለእናታቸው ግሪን ካርድ ያወጡላታል። እናት የአሜሪካን ክረምት አገሯ፣ በጋውን የልጅ ልጅ እያሳደገች አሜሪካ፤ ቀጥሎ የሚሆነው ይህ ነው። ብርዱን አትችለውም፣ ማኅበሯም ጎረቤቷም ያለው አገር ቤት ነው። በአንዱ ዓመት ታማ ዘጠኝ ወር እዚያው ትቆያለች፤ ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ስትደርስ መኮንኑ ወደ ጎን ይወስዳታል። አይ-407 የሚባል ፎርም ሊያቀርብላት ይችላል፤ ግሪን ካርዴን በፈቃዴ መልሻለሁ የሚል ነው። መፈረም ግዴታዋ አይደለም። አልፈርምም፣ ዳኛ ፊት ልቅረብ ማለት መብቷ ነው። ይህን አማርኛ ብቻ ለምትናገር እናት ከመነሳቷ በፊት ልጆቿ ማስረዳት፣ በወረቀት ላይም ጽፈው ቦርሳዋ ውስጥ ማስቀመጥ አለባቸው።

ሦስተኛው መንገድ የሚመጣው እዚህ ነው። አብዛኛውን ዓመት አገሯ የምትኖር እናት ግሪን ካርዱን በራሷ ፈቃድ መልሳ በጎብኚ ቪዛ ብትመላለስ የሚያስጨንቃት ይቀንሳል። ጎብኚ ቪዛ ለማግኘት ዋስትና የለም፤ ስለዚህ ካርዱን ከመመለሷ በፊት ልጆቿ ደጋግመው ያስቡበት። አሜሪካ መቅረት የምትፈልግ ከሆነ ደግሞ ግሪን ካርዱ ላይ ሳትቀዘቅዝ አምስት ዓመቷን አሟልታ ዜግነቷን ትውሰድ፤ በዕድሜዋ ምክንያት ለሚቀርላት እንግሊዝኛ 15 ወይም 20 ዓመት መጠበቅ ስለሚያስፈልግ መማሩን ከመጀመሪያው ዓመት ትጀምር። በሕመም ምክንያት መማር የማትችል ከሆነ ሐኪም የሚሞላው ኤን-648 የሚባል ፎርም አለ። ዜጋ ከሆነች በኋላ ቢጫ ካርዷን ይዛ አገሯ የፈለገችውን ያህል ትቀመጥ፤ ስንት ወር ቆየሽ የሚላት የለም።